የጋራ ቃላት በገንዳ ውሃ

ገንዳ ውሃ ከተማ ውስጥ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው የካላዛር በሽታ ታማሚዎችን መረጃ ኮምፒውተር ላይ በምጭንበት ጊዜ፣ በአንድ የሆስፒታል ግቢ የእኛና ሌላ፣ ሁለት የጥናት ቡድኖች ነበሩ። አንዱ አዲስ በሽተኛን «1»፣ በሽታው ያገረሸበትን «2» ይላል፤ ሌላው ደግሞ ግልባጩን። አስተካክሉ ሲባሉ የአባት ርስት ልቀቁ የተባሉ ያህል ይቆጣሉ። የተማረ ሰው እንዲህ ግትር ሲሆን ያናድደኛል።

በመጨረሻ ከውጭ የጋራ የቃላት ዝርዝር መጣልን። የየአገሩ ጥናት በአንድ ቋንቋ እንዲነበብ ነው ተባለ። ሐሳቡ ደግ ነበር። የእኛዎቹ ግን ጎንደር ሆቴል ገብተው ሠለጠኑ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ዝርዝሩን እንደ ታቦት ተሸክመው ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲያ ማሰብ ቀረ።

በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ከጎጃም የመጣ አንድ አጫጅ ታሞ እኛ ዘንድ ተኛ። መርፌው አልያዘለትም። አብሮት የሚያጭደው የአገሩ ልጅ ተስፋ ሲቆርጥ ጠበል ልውሰደው ብሎ በባጃጅ አወጣው። ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፤ ጓደኛቸው ሆስፒታል አልጋ ላይ እንዲሞት አይፈልጉም። በማግስቱ ከግቢያችን ማዶ ካለው ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። የቡድን መሪያችን ራሳቸው ቀብር ቆመው ነው የተመለሱት።

በዝርዝሩ መሠረት «ሞተ» ለማለት ሞቱን የጤና ባለሙያ ያረጋገጠው መሆን አለበት።

«ቀብሩን እንጂ ሲሞት አላየንም» አሉ መሪያችን፣ ጫማቸው ላይ አፈሩ ሳይራገፍ። የሌላው ቡድን መሪም ራሳቸውን ነቀነቁ። በቁጥር አንድና ሁለት ስንት ወር የተጣሉ ሰዎች በዚህ ወዲያው ተስማሙ፤ «ከክትትል የጠፋ» ብለህ ጫን አሉኝ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ያ ጓደኛው መጣ። አጨዳው አልቆ ወደ ጎጃም ሊመለስ ነው፤ ለሟቹ እናት መርዶ የሚነግረው እሱ ነው፤ ወረቀት ካላየች አታምነኝም አለ። ከኮምፒውተሩ የወጣውን ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው።

«ጌታዬ፣ ጠፋ የሚል ካየች እኮ አገር ላገር ስትፈልገው ትኖራለች።»

ወረቀቱን ይዤ ወደ መሪያችን ገባሁ። የጋራ ቃል ነው፣ እኛ ልንነካው አንችልም አሉኝ። ንቀቴን ፊቴ ላይ ሳያዩት አልቀሩም።

ለሟቹ ጓደኛ ይህን ስነግረው አልተቆጣም። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ በትከሻው ያንጠለጠለውን ከረጢት አስተካከለ።

«እንግዲያ ልብሱን አሳያታለሁ» አለ። «የልጇን ልብስ ታውቀዋለች።»