ከአያቴ ሸሚዝ የተቀደዱ ብጣሾች

ስለ አንድ የዘይቱን ዛፍ መጻፍ ለአያቴ መታሰቢያ ይበቃ እንደሆነ እጠራጠራለሁ። ነገር ግን ባሕር ዳር ካለው ግቢያችን ስገባ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

አያቴ፣ የዛፉ ፍሬ እንጭጭ ሳለ፣ ዝንብ እንቁላል ጥላበት እንዳይተላ፣ እያንዳንዱን ከአሮጌ ሸሚዛቸው በቀደዱት ብጣሽ ጠቅልለው ያስሩት ነበር። ጎረቤታችን በአጥር ብቅ ብላ፣ «አባባ፣ እርስዎ ተራቁተው ዘይቱኑን አለበሱት?» ትላቸዋለች።

«እኔ ላይማ ዝንብ እንቁላል አይጥል!» ይሏታል።

ከእሳቸው በቀር ብጣሹን የሚፈታ አልነበረም። በጨርቁ ላይ አሽትተው የበሰለውን ይለያሉ። ትንሽም ቢሆን ለሁለት ቆርጠው ግማሹን ለእኔ ይሰጡኛል። «ብቻውን የበላ አይጥመውም» ይሉ ነበር።

በድንገት ሲያርፉ ያሰሯቸው ፍሬዎች ዛፉ ላይ ቀሩ። ሽታቸው ግቢውን ሲሞላው እንኳ ከቤታችን እጁን የዘረጋ የለም። ብዙዎቹ ከነጨርቃቸው ወደቁ። አንድ ብቻ ሲቀር፣ እሱም እንዳይወድቅ ሰግቼ፣ እንደ እሳቸው አሽትቼ ፈታሁት።

ትል አልነካውም። እንደ ልማዳችን ለሁለት ቆረጥሁት። ግማሹን ለመስጠት እጄን ከዘረጋሁ በኋላ ነው ብቻዬን መሆኔን ያስታወስሁት።

ጥቅምት 14 ቀን 1977 ዓ.ም. ነበር።