ከአባቴ አልጋ አጠገብ የቀረው ማስቲሽ

አባቴ ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ካለው በኋላ አልጋውን ከጓዳ አውጥተን ሳሎን አስገባንለት። አምቦ ያለው ቤታችን የጭቃ ቤት ነው። ላዩ በሲሚንቶ ቢለሰንም ክረምት ሲገባ ግድግዳው በረዶ ይሆናል፤ የአባቴ የማይንቀሳቀሰው ትከሻ ደግሞ እሱን ተደግፎ ያድራል። እናቴ ይህን ስታይ ገበያ ወርዳ ያንን ጡብ የሚመስል የስፖንጅ ተለጣፊ ገዝታ መጣች። ከጀርባው የራሱ ሙጫ ነበረው፤ እሷ ግን አላመነችውም። ጫማ ሰፊ የሚጠቀምበትን ማስቲሽ ደርባ ለጠፈችው።

«አንዴ ከተለጠፈ አይወድቅም» አለች።

እውነትም አልወደቀም። አባቴ ካረፈ በኋላ ስፖንጁ እየተቦጨቀ አለቀ፤ ማስቲሹ ግን ቀረ። አቧራ እየያዘ ጠቆረ፤ እጅ ሲያርፍበት ይጣበቃል። እንግዳ ሲመጣ እናቴ መጋረጃ ትጋርድበታለች። ቀለም እናስቀባው ባልናት ቁጥር «ተዉት፣ ምን አደረጋችሁ?» ትለናለች። እኔና ታናሽ እህቴ ነገሩ ገብቶን ተውነው።

በኋላ ለእህቴ ሽማግሌ ሊላክ ሆነ። ልጁ የጉደር ልጅ ነው፣ ጤና ጣቢያ ይሠራል። ቤተሰቦቹ ገበሬዎች፣ ደግሞም ፕሮቴስታንቶች ናቸው። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሳትስም የማትውል ሴት ስለሆነች ምን ትል ይሆን ብለን ሰጋን። አንድ ማታ እራት እየበላን ነገሩን ራሷ አንስታ ጠየቀች፦

«መቼ ነው የሚመጡት?»

«የፊታችን እሑድ» አለች እህቴ፣ አንገቷን ደፍታ።

«እንግዲያው ያ ግድግዳ ይጽዳ። ሽማግሌ መጋረጃ ፊት አላስቀምጥም።»

በማግስቱ ቀለም ቀቢ ጠራን። «ቀለሙ ይሸፍነዋል» ብሎ ማስቲሹ ላይ ቀባበትና ሄደ። ጠዋት ስንነሳ ቀለሙ ተጨማዶ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ይነሳል። ስደውልለት ለሌላ ሥራ አዲስ ዓለም ከተማ ገብቷል። «እሱ ካልተነሳማ ምን ላድርግ?» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁና ሻሼን አሰርኩ። አስተማሪ ነኝ፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር ጊዜውም ነበረኝ፣ እልኹም ያዘኝ።

በቢላዋ ጀመርኩ። ማስቲሹ ሲነሳ ልስኑንም ይዞት መጣ፤ ጭቃው ታየ።

«አባትሽ በእጁ የሠራውን ቤት ልታፈርሺው ነው?» ብላ እናቴ ቢላዋውን ቀማችኝ።

የቀለም ማቅጠኛ ቲነር ሞከርኩ። ማስቲሹ እንደ ማርማላታ ሟሙቶ ከነበረበት ሰፋ ብሎ ተለቀለቀ፤ እናቴን ሳል አንቆ ይዟት ግቢ ወጣች። እኔም ራሴን አመመኝ። ያን ቀን ተሸንፌ ዋልኩ፤ ለመተው ግን አላሰብኩም።

እህቴ ጸጉር ቤት ነው የምትሠራው። በማግስቱ ለምሳ ስትመጣ የጸጉር ማድረቂያ በቦርሳዋ ይዛ መጣች። ሙቀቱን ጠጋ አድርጋ ስትነፋበት ማስቲሹ ማብረቅረቅ ጀመረ፤ መፋቂያ ስፓቱላ ሳስጠጋው እንደ ሊጥ ተጠቅልሎ ተነሳ። ልስኑ አልተነካም። ሁለታችንም ጮኽን። የግድግዳው ግማሽ ሳያልቅ መብራት ጠፋ።

ማታ ይመጣል ብንል አልመጣም፤ በነጋታውም የለም። ዓርብ ሆኗል። እህቴ «መጋረጃው ይሰቀል በቃ» ማለት ጀምራ ነበር። እናቴ ግቢ ከሰል አቀጣጥላ ውሃ ጣደች፤ ፎጣ ነክራ ጨመቀችና ግድግዳው ላይ ለጥፋ በሁለት መዳፏ ተጫነችው። እንፋሎቱ ፊቷን እያላበው ቆየች።

«ትከሻውን እንዲህ ነበር የማደርግለት» አለች።

ስፓቱላውን እንደያዝኩ ቆምኩ። ታለቅሳለች ብዬ ነበር።

«ምን ትገተሪያለሽ? ፋቂው፣ ሳይቀዘቅዝ!» አለችኝ።

እሷ ፎጣ እየቀያየረች፣ እኔ እየፋቅሁ፣ እህቴ ውሃ እያመላለሰች ዋልን። በአጥር በኩል የሚያልፉ ሽማግሌ ጎረቤታችን በመስኮት አይተውን «ጀባዳ! በርቱ!» ብለው ሄዱ። ወፍራሙ ሲያልቅ ስስ ሽፋን ቀረ። እናቴ ከሰሉ መጥፋቱን አይታ፣ መስኮቱን ከፍታ፣ ጨርቅ ነጭ ጋዝ አስነክታ ሰጠችኝ። ሽፋኑን በእሱ ሳሸው ለቀቀ። ጋዙ ቅባት ስለሚተው በዱቄት ሳሙና ደግመን አጠብነው፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግን፣ እኔ በቢላዋ ያቆሰልኩትን በስቱኮ ሞላን። እናቴ ከዳር እስከ ዳር በመዳፏ እየዳበሰች ሄደች። የሚጣበቅ ቦታ ስታገኝ «እዚህ ጋ» ትላለች፣ እኔም እመለሳለሁ። ቅዳሜ ራሳችን ቀባነው። ቀለሙ ያዘ።

እሑድ ዝናብ እየጣለ ሽማግሌዎቹ መጡ። የልጁ አጎት «አከም፣ ነጉማ?» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጡ፤ እናቴም በኦሮምኛ መለሰችላቸው። እንደ ወጉ መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም ብለው ቆሙ።

«እኔ የምጸልይበትና እናንተ የምትጸልዩበት ቤት ለየቅል ነው» አለች እናቴ። «ልጄን ጠይቄያታለሁ፤ ልቧ ቆርጧል። በጸሎቷ እንዳትጫኗት ቃል ስጡኝና ተቀመጡ።»

አጎትየው ጓደኞቻቸውን ዞር ብለው አዩ። «ቃላችን ነው። እኛም ልጅ ልንወስድ እንጂ ሃይማኖት ልናስለውጥ አልመጣንም» አሉ።

ተቀመጡ። ቀኑ ሲቆረጥ፣ ምርቃቱ ሲወርድ ቆይቶ ግድግዳውን ተደግፈው የቆዩት አጎትየው ሲነሱ የኮታቸው ጀርባ ነጭ ሆኗል። በዚያ ዝናብ ቀለሙ እንዴት ይድረቅ! እህቴ ጓዳ ሮጠች። እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች፣ አልቻለችም፤ ሳቀች። አባቴ ካረፈ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

አጎትየው ኮታቸውን አውልቀው አዩት። «ምልክት አድርጋችሁብናላ! ከእንግዲህ ወደ ኋላ የለም» ብለው እሳቸውም ሳቁ።

ፕላስቲክ ቀለም ስለነበር እናቴ በውሃ አስለቀቀችላቸው። ሰኞ ጠዋት ስነሳ ብሩሹን ይዛ፣ ኮቱ የነካውን ቦታ እየደገመች ስትቀባ አገኘኋት።