ገመድ የሌለው ድሪል

እኔ ሰው ማስቸገር አልወድም። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም፤ እንዲያውም ጉድ የሠራኝ እሱ ነው።

ዕድሜዬን ሙሉ የመሥሪያ ቤት ሹፌር ሆኜ ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። ባለቤቴ ካረፈች አራት ዓመት ሆኗታል፤ ልጅ አልወለድንም። ጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ወረድ ብሎ ያለችው ቤቴ አሮጌ ናት፤ ግቢ ውስጥ የቆመችው ማኪናም አሮጌ ናት፤ እኔም ያው። ሦስታችን ተራ በተራ እንበላሻለን። የበሩ ማጠፊያ ሲነቀል፣ ቆርቆሮው ሲላቀቅ፣ የማኪናዋ የታርጋ መያዣ ሲንጠለጠል የምጠግነው ራሴ ነኝ። ለዚህ ሁሉ የነበረኝ አንድ የድሮ ባለገመድ ድሪል፣ የኤሌክትሪክ መብሻ፣ ነው።

ችግሩ መብራት ነው። በእኔ መስመር መብራት የጠፋበት ቀን ከበራበት አያንስም። ከአጥሩ ማዶ ያለው ጎረቤቴ ቤት ግን በሌላ መስመር ስለሆነ፣ የእኔ ሲጠፋ የእነሱ ይበራል። ስለዚህ ድሪል ማንሣት ባሰኘኝ ቁጥር አጥሩ ሥር ቆሜ "ጋሼ! መብራት አለ?" ብዬ እጣራለሁ። እሳቸውም "ሞልቶ!" ይሉና ማራዘሚያ ገመዳቸውን በቆርቆሮው አጥር ላይ ያሻግሩልኛል።

ጋሼ የጋሞ ሰው ናቸው፣ ሸማኔ። በአሥር ዓመት ይበልጡኛል። ዓይናቸው ደክሞ ሽመናውን ከተዉ ቆይተዋል፤ ከልጃቸውና ከምራታቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ገመዱን አሻግረው ዝም ብለው አይቀመጡም። በበሩ ዞረው ይመጡና "እስቲ መብራቴ ምን እየሠራ ነው?" ብለው ግቢዬ ውስጥ የተጣለ አሮጌ ጎማ ላይ ይቀመጣሉ። ከዚያ በኋላ ትችት ነው።

"ጠመመ!"

"ኧረ ጋሼ፣ አልጠመመም።"

"ሸማኔ ነኝ እኮ! ቀጥ ያለውንና የጠመመውን ለእኔ ልትነግረኝ ነው?"

እበሽቅ ነበር፣ አልዋሽም። ሩብ ሰዓት የማይፈጀው ሥራ ከእሳቸው ጋር ግማሽ ቀን ይበላል። ሥራዬን አስቁመው ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ ጥለት፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ያወሩኛል። ስለ ባለቤቴም ያነሡልኛል፤ ስሟን የሚጠራልኝ ሰው እሳቸው ብቻ ቀርተው ነበር። ያኔ ግን ይህን ልብ ብዬ አላሰብኩትም።

ክረምቱ ሲገባ አንድ ቀን የማኪናዋ በር ተንጠልጥሎ አገኘሁት። መብራት የለም። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ደግሞ አጥንት ይሰብራል። ተጣራሁ፣ መልስ የለም። ደግሜ ተጣራሁ። ጋሼ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ እያሳላቸው ወጡ። ምራታቸው ፊቷን ቋጥራ ከኋላቸው ቆማለች። በሞትኩት! የታመመ ሽማግሌ ለአንዲት ብሎን ብዬ ከአልጋ አስነሣሁ። ያን ቀን ሥራውን እንደ ነገሩ አድርጌ ገመዱን መለስኩና "ከእንግዲህስ እኚህን ሰው አላስቸግርም" ብዬ ቆረጥኩ።

ሳምንት ሳይሞላ በባትሪ የሚሠራ፣ ገመድ የሌለው ድሪል ልገዛ መርካቶ ወረድኩ። ዝም ብዬም አልሄድኩም፤ መካኒኮች ጠይቄ፣ አጥንቼ ነው። ጀማሪ ድሪሉን ይመርጣል፤ ያወቀ ባትሪውን ነው የሚመርጠው። ባትሪው ዛሬ ድሪሉ ላይ፣ ነገ ብረት መቁረጫው ላይ፣ ከነገ ወዲያ የጎማ መፍቻው ላይ የማይገባ ከሆነ ቤትህ የቻርጀር መጋዘን ይሆናል። ሻጩ የሚያብረቀርቁ ሣጥኖች ደረደረልኝ። አንዱ ላይ የተጻፈው የቮልት ቁጥር አውሮፕላን ያስነሣል። ድንቄም! ባትሪውን አንሥቼ በእጄ መዘን መዘን ባደርገው እንደ ባዶ ጣሳ ቀለለኝ።

"ወንድሜ፣ የዚህ ውስጡ አየር ነው" አልኩት።

ሳቀ። "ፋዘር፣ እርስዎ የሚሸወዱ አይደሉም" ብሎ ከጓዳ ከበድ ያለውን አወጣልኝ። ሞተሩም ካርቦን የሚሉት እየተበላ የሚቀየር ነገር የሌለው እንዲሆን መከረኝ፤ ካርቦን እየቀየሩ መንከራተት ይቀራል፣ ባትሪም ይቆጥባል። እዚህ ላይ እውነቱን ነው። ድሪል፣ የጎማ ብሎን መፍቻ፣ አንድ ቻርጀርና ሁለት ባትሪ ገዛሁ። መብራት ለሚጠፋበት ሰው ሁለተኛው ባትሪ ቅንጦት አይደለም፤ አንዱ ሲሠራ አንዱ ሞልቶ መጠበቅ አለበት። ሻጩ ዕቃውን እያሰረልኝ "በቃ፣ ከዚህ በኋላ ማንም አያስፈልግዎትም" አለኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ቅዳሜ ጠዋት፣ መብራት በሌለበት፣ የማኪናዋን ጎማ መፍታት ጀመርኩ። ያ ወገቤን ሲቆርጠኝ የኖረ ብሎን ድርር ብሎ ወጣ። ጋሼ ድምፁን ሰምተው ከአጥሩ ማዶ "መብራት መጣልህ እንዴ?" አሉኝ።

"አልመጣም ጋሼ! በባትሪ ነው! ተገላገሉ፣ ከእንግዲህ አላስቸግርዎትም!" አልኩና መሣሪያውን እንደ ልጅ ከአጥሩ በላይ ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው።

"እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለህ" አሉ። ዞረው መምጣታቸው አይቀርም ብዬ አሮጌውን ጎማ በጨርቅ ጠረግሁላቸው። አልመጡም።

ወር አለፈ፣ ሁለተኛው ተከተለ። ቤቱ ውስጥ ያልበሳሁት ግድግዳ የለም። የሚደረደርበት ዕቃ ሳይኖረኝ ሦስት መደርደሪያ ሰቀልኩ። ምሳዬን ቆሜ እበላለሁ። አንዳንዱ ቀን ከታክሲ ረዳት በቀር ሰው ሳላናግር ይመሻል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሬዲዮኑም ዝም ይላል። ሂድና አንኳኳ እላለሁ ለራሴ። ምን ብዬ? እንዲሁ መጣሁ ይባላል? ደግሞስ እሳቸው መምጣት ቢፈልጉ በሩን ያውቁት የለ! ጉርብትናውን ይዛ የኖረችው ባለቤቴ ናት፤ እሷ ያለ ጉዳይ ሰው ቤት መግባት ታውቅበት ነበር። እኔ ጉዳይ ካልያዝኩ እግሬ አይነሣም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል፤ የኔ ጎረቤት ግን አሥር እርምጃ ላይ ሆነው ከዘመድ ሁሉ ራቁኝ።

ጋሼ በየዓመቱ ለመስቀል አገራቸው ሄደው ይመለሳሉ። ዘንድሮ ይህን ጉዳይ አደረግሁት። በዓሉ ካለፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እንኳን አደረሰዎት ለማለት፣ አንድ ኪሎ ብርቱካን ይዤ አንኳኳሁ። ምራታቸው ከፈተች።

"አባባ አይመለሱም እኮ" አለችኝ። "ካረጀሁ አይቀር አገሬ ልሁን ብለው ጠቅልለው እህታቸው ዘንድ ገቡ። አላወቁም?"

"ሳይሰናበቱኝ?"

"ኧረ ሁለት ጊዜ መጥተው ነበር። በርዎ ላይ ቆመው መሣሪያው ሲጮህ ሲሰሙ 'ሥራ ይዟል፣ አላስቸግረው' ብለው ተመለሱ።" ብርቱካኑን ተቀበለችኝና ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። "ድሮ እርስዎ ሲጠሯቸው ነበር ከአልጋ የሚነሡት። ቢያማቸውም ይነሣሉ፣ ተዉ ብላቸውም አይሰሙኝም። እርስዎ መጥራቱን ሲተዉ 'ምን አስቀይሜው ይሆን?' እያሉ ይጠይቁኝ ነበር።"

የስልክ ቁጥራቸውን ተቀብዬ ቤቴ ገባሁ። ሦስት ጊዜ ደውዬ በአራተኛው ተነሣ። ከኋላ የሰው ጫጫታ፣ የልጆች ሳቅ ይሰማል።

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ። የጉለሌው ጎረቤትዎ።"

"አንተ! ደህና ነህ?" አሉ። ወዲያው ድምፃቸው ፈጠን አለ። "ምን ቸገረህ? ምን ላድርግልህ?"

መናገር የነበረብኝ እዚህ ላይ ነው። ጋሼ ናፈቁኝ፣ የሚያናግረኝ ሰው አጣሁ፣ አላስቀየሙኝም፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ማለት ነበረብኝ።

"ኧረ ምንም አልቸገረኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ። "እንኳን አደረሰዎት ልበል ብዬ ነው።"

"ምንም ካልቸገረህ ጥሩ ነው" አሉ፣ ቀስ ብለው።

"አዎ ጋሼ" አልኩ። ስልኩ ግን ተዘግቶ ነበር።