አንገቴ አልዞር ያለኝ ሰሞን

መካነ ሰላም ገበያ ዳር ባለችው ሱቄ ልብስ ስሰፋ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የዚያን ዓመት መስከረም የተማሪ ዩኒፎርም ተቆልሎብኝ ስለነበር ከስፌት መኪናው የምነሳው ለምሳ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ስነቃ አንገቴ ወደ ቀኝ አልዞር አለኝ። ባለቤቴ ከጓሮ ስትጠራኝ ከነትከሻዬ ዞሬ አየኋት። ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ብርድ ነው ብለን በቅቤ አሽታ በሻርፕ ጠቀለለችልኝ።

ሕመሙ ግን አልለቀቀኝም። ከማጅራቴ ወደ ትከሻዬ ወረደ፤ ሰንበት ሲል የቀኝ እጄ ጣቶች ይደነዝዙ ጀመር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። አባቴ ግማሽ አካላቸው ሽባ ሆኖ አልጋ ላይ ቆይተው ነው ያረፉት። የእሳቸው ዕጣ ደረሰኝ፣ በምን እጄ ልጆቼን አሳድጋለሁ እያልኩ ብቻዬን እብሰለሰል ነበር።

ከአጠገቤ እህል የሚነግዱ አንዲት ሙስሊም እናት አሉ። የእሳቸውን ቀሚስ እየቆረጥኩ ሳለ መቀሱ ከእጄ ወደቀ። አነሳሁት፤ ደግሞ ወደቀ። እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቁኝ። መዋሸት አቃተኝ።

«አብሽር ልጄ» አሉኝ። «በሽታውን የደበቀ ግን መድኃኒት አያገኝም። ዛሬውኑ ለሚስትህ ንገራት።»

ነገርኳት። ወጌሻ ጠርተን አንገቱን ጠምዝዞ ይመልሰው ያለ ዘመድ ነበር፤ ባለቤቴ እምቢ ብላ በማግስቱ ሆስፒታል ወሰደችኝ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ጣቶቿን አስጨበጠችኝ፣ ክንዴን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገች፣ ወዲያ ወዲህ አስኬደችኝ። ወድቄ እንደሆነ፣ ትኩሳት እንዳለኝ፣ እግሬ እንደከዳኝ፣ ሽንት መቆጣጠር እንዳስቸገረኝ ጠየቀች። ሁሉንም የለም አልኩ። በመጨረሻ ሥራዬን ጠየቀችኝና የፈራሁትን የአባቴን ነገር ከአፌ አወጣችው።

«የአባትዎ ሕመም ከአንጎል ነው፤ የእርስዎ ከአንገት ነው። አይገናኙም።»

ትንፋሼ ያኔ ተመለሰ።

ከዚያ በእርጋታ አስረዳችን። ሰው ጭንቅላቱን አቀርቅሮ ሲውል ክብደቱን የሚሸከሙት የማጅራት ጡንቻዎች ናቸው፤ አብዛኛው የአንገት ሕመም ከእነሱ ድካም ይመጣል። ከፍ ያለ ትራስና ጭንቀትም ያባብሱታል። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ለስላሳ አካል ይሳሳና ወደ እጅ የሚወርደውን ነርቭ የሚጫንበት ጊዜ አለ፤ የእኔ መደንዘዝ ከዚያ ነው። ማስታገሻ ሰጠችኝ፣ እንቅስቃሴ አሳየችኝ፣ አንገቴን ማንም እንዳይጠመዝዘው አስጠነቀቀችኝ። የእጄ ድካም ከባሰ ወይም እግሬ ከተሳሰረ ሳልውል ሳላድር እንድመጣ ነገረችኝ።

ባለቤቴ ሥራዬን መተው እንዳለብኝ ጠየቀች። ሐኪሟ አቀማመጤን እንድቀይር እንጂ ሥራውን እንድተው አልፈለገችም።

በማግስቱ ባለቤቴ ሱቄ መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና ስሰፋ ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

«አንተ፣ አፍንጫህን ከጨርቁ ጋር ልትሰፋው ነው እንዴ?»

አናጢ ጠርታ ጠረጴዛውን ከፍ አስደረገችው። ከሁለቱ ትራሶቼ አንዱን ወሰደችው። እህል ነጋዴዋም ባጎነበስኩ ቁጥር ከሱቃቸው ሆነው ቀና በል ይሉኝ ጀመር። ዩኒፎርሙ ዘገየ፤ አንዳንድ ወላጆች ጨርቃቸውን ወደ ሌላ ሰፊ ወሰዱ። የገና በዓል ሲደርስ ግን መደንዘዙ ለቅቆኝ የክሩን ቅጥነት በጣቶቼ እለይ ነበር።

አሁንም አልፎ አልፎ ያመኛል፤ በተለይ ወደ ከላላ ከተማ ስንሄድ ኮረኮንቹ መንገድ አንገት አይምርም። እንዲያ ሲሆን ለባለቤቴ ወዲያው እነግራታለሁ፤ መንገድ ላይ ከሆንን ከመኪና ወርደን ጥቂት በእግራችን እንሄዳለን።