የተጨመረው ወንድም

ልጅ ሳለሁ ነቀምቴ ውስጥ የምንኖረው በኦቦ ዋቅጅራ ግቢ ተከራይተን ነበር። አባቴ ከጎጃም የመጣ የጨው ነጋዴ ነው፤ ኦቦ ዋቅጅራ ደግሞ ከደምቢ ዶሎ መጥተው ነቀምቴ የከተሙ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ልጅም ያልወለዱ ሽማግሌ ነበሩ። ያኔ ማታ ማታ ኩራዙ ሲለኮስ እኔና ታናሽ ወንድሜ ምድጃቸው ዳር እንቀመጥ ነበር፤ እሳቸውም የበቆሎ እሸቱን ፍም ላይ እያገላበጡ፣ ጭሱ ያስለቀሰውን ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ ተረታቸውን ይጀምራሉ። አማርኛቸው መሐል ኦሮምኛ ጣል ያደርጉበታል፤ እኛም ሁለቱንም እኩል እንሰማ ነበር።

በተረታቸው ሁሉ ውስጥ ደበላ የሚባል ሰው አይጠፋም። አንበሳውን ያታለለው ደበላ፣ የሞላውን ወንዝ የተሻገረው ደበላ፣ የንጉሡን ልጅ ያገባውም ደበላ ነው። ወንድሜ፣ ሽማግሌው ሌላ ስም ስለማያውቁ ነው እያለ ይስቅባቸው ነበር። እኔ ግን አንድ ምሽት አላስችል ብሎኝ ደበላ ማን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። የያዙትን እንጨት አስቀመጡ።

«ወንድሜ ነው» አሉ።

ከዚያ የነገሩን ተረት አልነበረም። ጣሊያን ከአገር ሊወጣ በተቃረበበት፣ ዓለም ሁሉ እርስ በርሱ በሚዋጋበት ዘመን፣ ከኮንጎ የመጡ ጥቁር ወታደሮች ነጭ አዛዦቻቸውን ተከትለው ከጋምቤላ ቆላ ወደ ደምቢ ዶሎ ሽቅብ ወጡ። ዝናቡ መንገዱን ዘግቶ ስንቅ ስላልደረሰላቸው፣ ጥይት የሳታቸውን ራብና ተቅማጥ ይጥላቸው ነበር። ከእነሱ አንዱን፣ ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ፣ ኦቦ ዋቅጅራ ማሳቸው ጠርዝ ላይ ወድቆ አገኙትና ተሸክመው ቤት አስገቡት። ወተት በማንኪያ ቢያጠጡትም አልረጋለትም። ስሙን ቢጠይቁት ቋንቋቸው አልገባውም፣ ለመናገርም አቅም አልነበረውም።

እንደማይተርፍ ሲታወቅ ሌላ ጭንቅ መጣ። በአገሩ ልማድ ጎሳው የማይታወቅ ሰው ከቤተሰብ መቃብር አይገባም፤ ስሙን ጠርቶ የሚያለቅስለት ወገንም የለውም። ጎረቤቶች ጫካው ዳር ይቀበር አሉ። የኦቦ ዋቅጅራ አባት፣ ጉታ የሚባሉት፣ አሻፈረኝ አሉ። ሽማግሌ ጠርተው፣ በግ አርደው፣ ልጁ ትንፋሹ ሳይወጣ ሞጋሳ አደረጉት፤ ይህ ባዕዱን የጎሳው ልጅ የሚያደርግ ሥርዓት ነው። ደበላ ብለው ስም አወጡለት፣ የተጨመረ ማለት ነው። በማግስቱ ሞተ፤ እንደ ቤት ልጅም ተለቀሰለት።

«አባቴ ሞተ፣ እናቴም ሞተች» አሉ ኦቦ ዋቅጅራ ፍሙን እያዩ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ ስሞት ደበላን ማን ይጠራዋል?»

ስሙን በየተረቱ የሚያስገቡት እኛ እንድንይዘው እንደነበር የገባኝ ያን ምሽት ነው። ወንድሜም ከዚያ ወዲያ አልሳቀም።

በሚቀጥለው ክረምት ኦቦ ዋቅጅራ ሞቱ። መንገዱ በጭቃ ስለተቆረጠ ዘመዶቻቸው ከደምቢ ዶሎ አልደረሱም፤ ለቀስተኛው ሁሉ የሰፈር ሰው ነበር። አልቃሿ እንደ ወጉ ቀድመዋቸው የሞቱትን እየጠራች፣ መጣላችሁ፣ ተቀበሉት ትላለች። አባታቸውን ጠራች፣ እናታቸውን ጠራች፣ ሚስታቸውን ጠራች። ከዚያ ሌላ የቀደማቸው ማን አለ ብላ ወደ ሰዎቹ ዞረች። የሰፈሩ ሰው ሌላ ዘመድ አያውቅላቸውም። ልጅ በለቅሶ መሐል አይናገርም፣ እናቴም ክንዴን ይዛኝ ነበር።

«ደበላ» አልኩ።

«ደበላ የማን?» አለች አልቃሿ።

«የጉታ ልጅ። ወንድማቸው ነው።»

አልተጠራጠረችም። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ደበላ ጉታ፣ ወንድምህ መጣልህ፣ ተነስና ተቀበለው» አለች፤ ሴቶቹም ስሙን ከአፏ ተቀብለው አለቀሱ። እናቴ ክንዴን ለቀቀችና አብራ አለቀሰች።

ዛሬ ተረቶቹ ተቀላቅለውብኛል፤ አንበሳው በምን እንደተታለለ እንኳ አላስታውስም። የቀረኝ ያ ስም ነው። ወታደሩ ከእናቱ ቤት የወጣው በሌላ ስም ነበር፤ እሷም በዚያ ስም እየጠራች ስትጠብቀው ኖራ ይሆናል። ልጇ በሰው አገር፣ ሰው ባወጣለት ስም፣ ሁለት ጊዜ እንደተለቀሰለት የነገራት ግን የለም።