ማማው የጠየቀው መሬት

ሀጀራ የብረቱ ማማ ከቆመ ጀምሮ ዓይኗን አልነቀለችበትም። በመካነ ሰላም የእርዳታ እህል መጋዘን ጠራጊ ናት። በማማው ጫፍ በተሰቀለው ሽቦ አማካይነት የመጋዘኑ ራዲዮ ከደሴ ጋር ይነጋገራል፤ «እህል አለቀ» ሲሉት ከወዲያ ማዶ ሰው ይመልሳል። ድምፁ በየት በኩል እንደሚወጣ ለማየት መጥረጊያዋን ይዛ ስትዞረው ትውላለች።

ከመጋዘኑ ጀርባ፣ የጣሪያው ውሃ ከሚወርድበት፣ ትንሽ የጎመን መደብ አለቻት። በክፉው ቀን እሷንና ልጇን ያተረፈች ይህችው መደብ ናት።

በሰኔ መግቢያ ቸኮል የሚባል ቴክኒሻን ከደሴ መጣ። ማማውን ዞሮ አየና ለመጋዘኑ ኃላፊ፣

«ጋሼ ንጉሡ፣ ይሄ እኮ መሬት አልተሰጠውም። ክረምቱ ሳይከብድ መሬት ይሰጠው፤ አለዚያ ራዲዮውን መብረቅ ይበላዋል» አለ። ጎመኑ ጋ ሄዶም አፈሩን ጨበጠና «ከዚህ የተሻለ አይገኝም» ሲል ሀጀራ ሰማች።

የካቲት ላይ የመሬት አዋጅ ከታወጀ ወዲህ የከተማው ወሬ ሁሉ ለማን ተሰጠ፣ ከማን ተወሰደ ነበር። ለብረትም ይሰጣል የሚል ግን አልሰማችም።

በነጋታው ቸኮል መዶሻውን ይዞ ሲመጣ መደቧ ላይ ቁጭ ብላ አገኛት።

«እትዬ ሀጀራ፣ ይነሡልኝ እንጂ።»

«አልነሣም። ብረት ምን ሊያርስበት ነው?»

ንጉሡ ከበሩ ላይ ሳቀ። «ጥማድ በሬ ይሰጠኝም ብሏል።»

ቸኮል ግን ነገሩ ገብቶት አጠገቧ ቁጢጥ አለና አንድ የመዳብ ዘንግ አሳያት። «መሬት መስጠት የምንለው ይህን መቅበር ነው። መብረቁ ማማውን ሲመታ በሽቦ ወርዶ፣ በዚህ በኩል አፈር ውስጥ ይገባል። እርጥብ አፈር ይወዳል፤ የቀረው ግቢ ደግሞ ጭንጫ ነው። ከዳር ነው የምቀብረው፤ አንድ ጎመን አይነቀልም።»

«አፈር ገብቶስ የት ያድራል?»

«አያድርም፤ እንደ ፈሰሰ ውሃ ተበትኖ ይጠፋል። ሰማዩ ሲያጉረመርም ብቻ አይጠጉት።»

ሀጀራ ቀሚሷን አራግፋ ተነሣች። «ስምህ ቸኮል፤ ማስረዳቱ ላይ ግን ዘገየህ።»

ሐምሌ ላይ መብረቅ ማማውን መታው። ሰማዩ ሲጠራ ንጉሡ ወደ ራዲዮው፣ ሀጀራ ወደ መደቧ ሮጡ። ጎመኑ እንዳለ ነው። አፈሩን ጫር ጫር አድርጋ አሸተተች፤ የዝናብ ሽታ ብቻ ነው። ከውስጥ ንጉሡ ከደሴ ጋር ሲነጋገር ይሰማታል።

በጋ ሲገባ የጣሪያው ውሃ ቆመ። ሀጀራ የእቃ እጣቢዋን ግማሹን ለጎመኑ፣ ግማሹን ለዘንጉ ታፈስ ጀመር።

«ለባለመሬት ግማሽ መስጠት እኮ በአዋጅ ቀርቷል» ይላታል ንጉሡ።

«ለሰው ነው የቀረው» ትላለች፣ ውሃው ሲሰርግ ጎንበስ ብላ እያየች።