«ይነፋ» የተባለው መድኃኒት

እትዬ ጽዱ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ሆቴል ምድር ቤት አንሶላ ሲተኩሱ የኖሩ ሴት ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው የልብስ ክፍል ሴቶች ናቸው፤ ግማሹ ለክብር፣ ግማሹ ለሽሙጥ። ሰው አልጋ ላይ ምን ምን ጥሎ እንደሚሄድ ሲያይ የኖረ ሰው፣ ከሰው ጋር ገበታ መቅረብ ይከብደዋል። እሳቸውም ከዚያ ምድር ቤት ሁለት ነገር ይዘው ወጡ፤ እንፋሎትና በረኪና የጎዳው ሳንባ፣ ከሰው አፍ የሚወጣን ነገር ሁሉ መጸየፍ።

ሳንባቸውን ያየው ሐኪም መዳፍ ውስጥ የምትገባ፣ አናቷን ሲጫኗት ጭጋግ የምትተፋ የፕላስቲክ ዕቃ አዘዘላቸው። ቀና ብሎ እንኳ ሳያያቸው «ጠዋት ሁለቴ፣ ማታ ሁለቴ ይነፋ» ብሎ ጻፈና ቀጣዩን ጠራ።

እትዬ ጽዱ የታዘዙትን የሚፈጽሙ ሰው ናቸው። ነፉ። አራት ወር ሙሉ፣ ጠዋት ሁለቴ ማታ ሁለቴ፣ ዕቃዋን ጎርሰው፣ አናቷን ተጭነው፣ ጉንጫቸውን ወጥረው ፊኛ እንደሚነፋ ሕፃን እፍ አሉባት። መድኃኒቱ ተመልሶ አፍንጫቸው ላይ ይረጫል። ምራቃቸው ፕላስቲኩ ውስጥ ይቀራል፤ በነጋታው ሲያዩት ጥጉ ላይ አንዳች ነጭ ነገር ጋግሯል። በጥጥ ይጠርጉታል፣ ይዘገንናቸዋል፣ ደግመው ይነፋሉ። ደረታቸው ግን ጭራሽ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ማለት ጀመረ። ሁለተኛ ፎቅ ወዳለችው ክፍላቸው ለመድረስ ሦስት ቦታ ማረፍ ግድ ሆነ።

ታናሽ ወንድማቸው ይህን አይቶ ቆረጠ። «አንድ ወር እጠብቃለሁ። ደረትሽ ያው ከሆነ፣ እሁድ መጥቼ እቤቴ እወስድሻለሁ። ብቻሽን አትሞቺም።»

የወንድማቸውን ቤት ያውቁታል። እዚያ ቤት ማንኪያ ከአፍ ወደ ድስት፣ ከድስት ወደ አፍ ይመላለሳል። ለስድስት ሰው አንድ ፎጣ ነው፤ ሁልጊዜ እርጥብ፣ ሁልጊዜ የሚሸት። ወንድማቸው ሰው ሠራሽ ጥርሱን የሚዘፈዝፍበት ብርጭቆ፣ ጠዋት ሌላው ውሃ የሚጠጣበት ነው።

«እዚያ ከምገባ እደረጃው ላይ ክልትው ብል ይሻለኛል» አሉ፣ ለራሳቸው። በማግስቱ ክሊኒክ ሄዱ።

አግዳሚው ላይ አጠገባቸው የተቀመጠው ሹፌር አክታውን መሐረብ ላይ ተፋ፤ ገልጦ አየው፤ አጥፎ ኪሱ ከተተው። እትዬ ጽዱ ፊታቸውን አዙረው ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ያዙ። ነርሷ ስትጠራቸው ዘለው ገቡ፤ በሩን ግን ማንም አልዘጋውም።

«መድኃኒቱ አልያዘኝም፣ ልጄ።»

«እስቲ እያየሁዎት ይውሰዱ።»

«ሰው ፊት?»

«ሰው ፊት።»

አፍረው ጎረሱ። ነፉ። ጭጋጉ ሄዶ የነርሷ መነጽር ላይ አረፈ።

«እማማ፣ እሷን ነው እንዴ የሚያክሟት?» አለ ሹፌሩ ከውጭ። አግዳሚው በሙሉ ሳቀ፤ ሳቁም ወደ ሳል ተለወጠ።

ነርሷ መነጽሯን ጠረገች። «ወደ ውጭ ነው እንዴ የሚነፉት? ወደ ውስጥ መሳብ ነው እንጂ!»

«ይነፋ ነው የሚለው። ማንበብ አላውቅም እንዴ?»

ወረቀቱን ተቀብላ አየች። «ሁላችንም የሚነፋ መድኃኒት እያልን ነው የምንጠራው» አለች ቀስ ብላ። «አፋችን ለምዶ ነው።»

ከሹፌሩ መሐረብ ይልቅ ያቺ ቃል አቅለሸለሸቻቸው። ይሳብ ማለት ምን ይከብድ ነበር? አራት ወር ሙሉ መድኃኒት ለአየር ሲገብሩ፣ የገዛ ምራቃቸውን ሲጠርጉ!

ነርሷ ቀጥ ብለው እንዲቀመጡ አደረገች። ዕቃዋን አስነቀነቀቻቸው። መጀመሪያ ሳንባቸው ባዶ እስኪሆን ትንፋሻቸውን ወደ ጎን አወጡ። ከዚያ ዕቃዋን ጎርሰው ከንፈራቸውን ገጥመው፣ ቀስ ብለው መሳብ ሲጀምሩ አናቷን ተጫኑ፤ እስከ መጨረሻው ሳቡ፤ አሥር እስኪቆጠር ትንፋሻቸውን ያዙ። አንድ ደቂቃ አርፈው ደገሙት። በመጨረሻ ውሃ ሰጠቻቸው።

«ተጉመጥምጠው ይትፉት። አለዚያ አፍዎ ውስጥ እንደ ሻጋታ ያለ ነጭ ነገር ይወጣል።»

«ሻጋታ? አፌ ውስጥ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ መጉመጥመጥን ማንም ሊያስታውሳቸው አላስፈለገም።

ወሩ ሞልቶ እሁዱ ሲደርስ ወንድማቸው ባዶ ሻንጣ ይዞ ከተፍ አለ። ጫማውን ሳይጠርግ ምንጣፉ ላይ ቆመ። ተሽሎኛል ቢሉት «ሰው ቤት ሄዶ መኖር የማይፈልግ ሁሉ እንዲያ ነው የሚለው» አለና ሻንጣውን ከፈተ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ዕቃ አያት። «ይህች ናት? እኔንም ሰሞኑን ደረቴን ይዞኛል» አለና እጃቸው ሳይደርስበት አፉ ውስጥ ከቶ እፍ አለባት።

«አንተ ጋጠ ወጥ! ያንን ለሃጫም አፍህን ይዘህ፣ እኔ በሳሙና አጥቤ፣ በንፋስ አድርቄ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ የማስቀምጠው ዕቃ ላይ ታዝረከርካለህ? የሰው መድኃኒትስ ይወሰዳል? ደረትህን ካመመህ ሄደህ አትመረመርም? ደግሞ ይሳባል እንጂ አይነፋም፣ እኔ የተጃጃልኩት አይበቃም ወይ፣ ጫማህንም ከምንጣፌ ላይ አንሳ!»

ወንድማቸው ዕቃዋን ጠረጴዛው ላይ መለሰ። «እትአለም፣ ይህን ሁሉ ስትናገሪ አንዴም አላረፍሽም።»

«ምን?»

«ባለፈው ግባ ብለሽኝ ተቀመጥ እስክትዪኝ ስንቴ ቆመሽ ተነፈስሽ?»

ወንድማቸው ሻንጣውን ዘጋ። «ካላፈነሽማ እዚሁ ስደቢኝ» አለና ሳቀ። ሲወጣ አልሸኙትም፤ ቸኩለዋል። መድኃኒቱን ከነቆርቆሮው አውጥተው ለብቻው አስቀመጡ፤ ፕላስቲኩን ለብ ባለ ውሃና ሳሙና አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ አጠቡት፤ መስኮቱ ላይ ሰጡት። ማታ ሰዓቱ ሲደርስ ደርቋል። ወደ ብርሃን ይዘው አገላብጠው አዩት፤ አሸተቱት። የወንድማቸው ድድ ታያቸው።

«ኤጭ!» አሉና፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጎርሰው ከንፈራቸውን ገጠሙ።